ወንድሜን በገዛ አገሩ የቀጡበት ቃል

በቁጣ ላይ ፀሐይ አይጥለቅ ብለው ነው ያሳደጉን። እኔ ግን በአንድ ቁጣዬ ላይ ስንት ፀሐይ እንደጠለቀ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የበደሉኝን በየስማቸው እየጠራሁ ይቅር እላለሁ፤ ያማችኝን ጎረቤት፣ ዕድገቴን ያስቀረብኝን አለቃ፣ አጥሬን ገፍቶ የገባውን ሰው፣ ሁሉንም። አንድ ቦታ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። ሰው ቢሆን ይቅር ባልኩት፤ ቃል ነው። ቃልን ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይቅር እንደሚባል ሰባኪም አላስተማረኝ። ያ ቃል ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ድረስ በስልክ መጥቶ ጆሮዬ ገባ። ሳቢያን ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ የቀኑ ወላፈን እስኪበርድ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ናትናኤል እባላለሁ። የምደውለው ከኮሌጁ ነው፤ ከኢዮቤልዩ ዝግጅት ክፍል፣» አለኝ አንድ ለስላሳ የወጣት ድምፅ። ኮሌጁን በስሙ አልጠራውም። ከእኛ አገር እጅግ የራቀ፣ መሃል አገር ያለ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬ የሚሠሩበት ሰዎች ያኔ አልተወለዱም። «ታላቅ ወንድምዎን፣ ጋሽ አልታዬን፣ ጨንቻ ደውለን አግኝተናቸዋል። የተማሪነት ፎቷቸው እርስዎ ጋ እንዳለ ነገሩን። የኮሌጁን ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀን ነው። አንዱ ጥግ ‹ሣር የያዘው ተማሪ› ይባላል። እርሳቸው ናቸው።»

«የምን ሣር?» አልኩት፤ የምን እንደሆነ ልቤ እያወቀው።

«የሰላሙ ሣር ነዋ፣ እማማ! የጋሞ አባቶች በቴሌቪዥን ከታዩ ወዲህ የማያውቅ ማን አለ? እኛ ግቢ ደግሞ ድሮ አንድ ተማሪ ይዞት እንደነበር ሲሰማ ሁሉም ጉድ አለ። ግን መዝገቡን ሳገላብጥ ከስማቸው ፊት ለፊት አንድ የማላውቀው ቃል አለ። ‹ረስቲኬትድ› ይላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ትርጉሙን ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።»

እግሬን ከውሃው አወጣሁ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በትሕትና ነው የሚናገረው። ደሜ ግን ፈላ። «መልሼ እደውልልሃለሁ፣ ልጄ፣» ብዬ ዘጋሁት። እኔ ያን ቃል ለማወቅ ስልክ አላስፈለገኝም። በቤታችን ውስጥ ለአንድ ዓመት ሙሉ አብሮን በልቷል፣ አብሮን ተኝቷል።

አልታዬ ወደ ኮሌጅ ሲሄድ የሸኘነው እስከ አርባ ምንጭ ነበር። ጨንቻ ያን ጠዋት ጉም ለብሳ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም ነበር። አባታችን ሸማኔ ነበሩ፤ ክረምቱን ሙሉ መሸመኛቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሠሩለትን ቡልኮ ትከሻው ላይ ጣል አድርገውለት፣ ጭነት መኪና ላይ ወጣን። ለአንድ ሰው ሁለት ብር ነበር፤ እኔ ልጅ ነኝ ተብዬ በአንድ ብር። መኪናው ከቀርከሃው መሃል ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሁላችንም ተቃቅፈን እንንቀጠቀጥ ነበር፤ ታች ስንደርስ ደግሞ እናቴ ነጠላዋን አውልቃ እየተራገበች «አዬ ሙቀት! ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?» ትላለች። ዛሬ የት እንደምኖር ብታይ! ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው ዳር አንድ ዘለላ ሙዝ በስሙኒ ገዛን። አባታችን ለልጃቸው ክብር ብለው ዓሣ ቤት አስገቡን፤ ጥብስ ዓሣ፣ ከነዳጣው፣ ሳህኑ በሃምሳ ሳንቲም። እናቴ ዓይኑ እያየኝ አልበላም ብላ ዳቦውን ብቻ በላች። ከቡና ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ስለ ባቡርና ስለ መለያየት ነበር፤ እኛ የጸሎት ቤት ልጆች ስለሆንን ዘፈን አንሰማም፤ ግን በእግራችን ጣት ሳንመታው አልቀረንም።

ፎቶው የተነሳው ያን ቀን ነው። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ደረጃ የተሳለበት፤ ሰው ሁሉ ሊሳፈር እንደሚወጣ ሆኖ ይነሳል። አልታዬ ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ፣ ክንፍ የሚያህል ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ አፍሮው ውስጥ ማበጠሪያ ሰክቶ ቆመ። አባታችን «ቡልኮውን ልበስ» ሲሉት አኮረፈ። በኋላ ተስማሙ፤ ቡልኮው ክንዱ ላይ ታጥፎ ይታይ ተባለ። ፈገግ ሲል ፎቶ አንሺው «አንተ! የኮሌጅ ተማሪ ይስቃል እንዴ?» ብሎ ተቆጣው። ስለዚህ በፎቶው ላይ ወንድሜ ኮስተር ብሏል፤ ከንፈሩ ዳር ላይ ግን ያ የታፈነ ሳቅ አለ። በዕድሜዬ ብዙ ቤት ቀይሬያለሁ፤ በየሄድኩበት መጀመሪያ የምሰቅለው እሱን ነው።

አልታዬን ያስቀጣው ነገር እንዲገባችሁ ስለ ሣሩ ልንገራችሁ። በቴሌቪዥን ያያችሁት ለእናንተ አዲስ ነበር፤ ለእኛ ግን እንደ በር ማንኳኳት ያለ ነገር ነው። ሁለት ወገን በወሰን ወይም በግጦሽ ተጣልቶ ዱላ ሲማዘዝ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይነጭና በመሃላቸው ይንበረከካል። አይጮህም፣ አይሰብክም። በቃ። ያንን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ የለም፤ ቢያልፍ ጎሜ ይሆንበታል፤ ለራሱም ለልጆቹም የሚተርፍ ነውርና ሸክም። ልጅ ሆኜ አንድ የገበያ ቀን አይቻለሁ። ዓይናቸው ደም የለበሰ ጎረምሶች፣ የእናቴን የቅቤ ቅል ረግጠው ሰብረው ሲሮጡ የመጡ፣ አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ሣር ይዞ መንገዱ ላይ ቢንበረከክ፣ ግድግዳ እንደገጠማቸው ቆሙ። አንዱ ቁጣውን የሚያደርግበት አጥቶ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ወንድሜ ይህን እያየ ነው ያደገው። የትም አገር እንደዚህ ይመስለው ነበር። የእሱ ጥፋት ይህቺው ናት፤ ሣር በሁሉም ቋንቋ የሚናገር መስሎታል።

ኮሌጅ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ካፌያቸው ውስጥ ወጡ ትል ተገኘበት። ትሪ ተወረወረ፤ ተማሪው ወጥቶ ግቢውን ሞላ፤ ዘበኞች ዱላ ይዘው ተሰለፉ። ድንጋይ መነሳት ሲጀምር አልታዬ ሮጦ ሄደና የኮሌጁ ዲን ቢሮ ፊት ለፊት፣ «መርገጥ ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር፣ ሣር በሁለት እጁ ነጭቶ መሃል ገብቶ ተንበረከከ። ለአንድ አፍታ ዝም ተባለ። ወንድሜ ሲነግረን «ሠራ አልኩ በልቤ» ብሏል። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጎበዝ! ከዚህ ወጥ ሣሩ ይሻላል ማለቱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ፈነዳ። ጭብጨባ። ሁሉም ተሯሩጦ የዲኑን ሣር እየነጨ አፉ ውስጥ መክተት፣ «እምቧ! እምቧ!» እያለ እንደ ጥጃ መጮህ ጀመረ። ወንድሜ ተንበርክኮ «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ስለ እግዚአብሔር!» ይላል፤ ማን ሊሰማው። ዲኑ በሚያብለጨልጭ ጫማው ሣሩን ተራምዶ መጥቶ ኮሌታውን ያዘው። ዘበኞቹም በላዩ ላይ አለፉ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አቀረቡት። «ተማሪውን ሣር አስበልተህ አድማ መርተሃል፤ አስተዳደሩን አዋርደሃል፣» አሉት። «ሰላም ነው ያልኩት፣» ብሎ መለሰ። «ሣር እንዴት ሰላም ይሆናል? ታሾፋለህ?» ከመሃላቸው የእኛን አገር የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እንዲያስረዳ ዕድል ሲሰጡት ደግሞ እየሳቁ ሰሙት። በማግሥቱ ስሙ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከጎኑ ያቺ የእንግሊዝኛ ቃል፤ ከእሷ ጎን «አንድ ዓመት»።

ቤት የደረሰው ገብሱ ሳይታጨድ ነው። እናቴ ለዕረፍት የመጣ መስሏት እልል አለች፤ ጎረቤቱን ጠርታ ቅቤ አነጠረች። አባታችን ግን ሣጥኑንና ጥቅል ፍራሹን አዩት፤ ለዕረፍት የመጣ ሰው ፍራሹን ጠቅልሎ አይመጣም። ከመሸመኛቸው ሳይወጡ «ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ነገራቸው። ቃሏን ሲጠራ ማንም አልገባውም። አባታችን ነገርን በደንብ ሳያውቁ የሚፈርዱ ሰው አልነበሩም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬን፣ መምህር ዓለሙን፣ አስጠሩ። ከመርሐ ቤቴ ናቸው፤ የጨንቻ ብርድ ከትከሻቸው ወርዶላቸው የማያውቅ፣ በሁለት ካፖርት የሚሄዱ ደግ ሰው። ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላታቸውን ታቅፈው መጡ።

«ያጠፋን ተማሪ ለተወሰነ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ማራቅ ማለት ነው፣» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ማባረር አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል። የቃሉ ሥር ከላቲን ነው። ገጠር ከሚለው የመጣ። እና ሲተነተን... ተማሪውን ለቅጣት ወደ ገጠር መላክ።»

«ገጠር የቱ?» አሉ አባታችን።

መምህር ዓለሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው... ይሄው ነዋ።»

አባታችን ቀና ብለው ቤታቸውን አዩት፤ የቀርከሃውን ጣራ፣ ምሰሶውን፣ በበሩ በኩል የሚታየውን እንሰት፣ አፏን ይዛ የቆመችውን ሚስታቸውን። «መምህር፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሱ ሣር ነጭቶ አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ እኔ ምን ባጠፋ ነው ዕድሜ ልክ የተፈረደብኝ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ መምህር ዓለሙ ራሳቸው ሳቁ። አባታችን አልሳቁም። መወርወሪያቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ሳቁ መሃል ሆኜ ፊታቸውን አየሁት። ያ ፊት ነው ቁጣዬን የወለደው። ከዚያ በፊት እኛ ገጠር መሆናችንን እንጂ ቅጣት መሆናችንን አላውቅም ነበር።

ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ነርስ ሆኜ እዚህ ድሬዳዋ ስመጣ፣ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ነበር። ነገሩ ሲቆጠቁጠኝ አንድ ቀን ስለዚያ ቃል ጠየቅኩት። ሳቀ፤ «እኛ አገር ዛሬም ይሠራበታል፣ ሲስተር፤ በፈተና የኮረጀ ተማሪ እንደዚያ ይባላል፣» አለኝ። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዞች ነው አለ፤ የጌቶች ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጠጡና ሲረብሹ፣ ወደ አባታቸው ርስት ይሰደዱ ነበር፤ እዚያ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ወፍ ያድናሉ፣ ሲሰለቻቸው ይመለሳሉ። እስቲ አስቡት። ቃሉን ያመጡት ሰዎች ለባለጌ የጌታ ልጅ የተሰፋውን ልብስ አምጥተው ለጨንቻ ሸማኔ ልጅ አለበሱት። ፈረስ የለን፣ ርስታችን ከአጥር አጥር አይሞላ።

ወንድሜ ያን ዓመት ሲያሳልፍ መንደሩ ለቀልድ አልሰነፈም። ቆጮ በጎመን ሲቀርብለት «የእስረኛው ቀለብ መጣ!» ይሉታል። ውሃ ሲቀዳ «ቅጣቱ ተመቸህ ወይ?» እያሉ ሴቶቹ ያፌዙበታል፤ እሱም «ጠባቂዎቼ ቆንጆዎች ናቸው» ይላቸዋል። በእሑድ መዘምራኑ አኮርዲዮኑን ሰጡት። ማታ ማታ እኔን ባዮሎጂ ያስጠናኛል፤ «አንቺ ነርስ ትሆኛለሽ፤ እኔ ስመረቅ አዲስ አበባ አመጣሻለሁ፣» ይለኛል። ስለዚህ ዓመቱ ሲያልቅ ከእናቴ ቀጥሎ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። መመለሻው ሲደርስ ግን ከኮሌጁ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ መመለስ ይቻላል፤ ሣር አስይዞ አድማ መምራቱን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ፈርሞ እንደሆነ።

እናቴ «ፈርም! ወረቀት አይደል? ፈርምና ተማር፣» አለችው። እኔም ጎኗ ቆሜ «ፈርም» አልኩ። አባታችን ግን ነገሩን ወደ ዱቡሻ ወሰዱት፤ ሽማግሎች ተሰብስበው ነገር ወደሚያዩበት ሜዳ። ሻንካ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብዙ ወሰን ያስታረቁ። ሁሉም ተናግሮ ሲያልቅ ተነሱ። «ልጄ፣» አሉት በጋሞኛ፣ «ትምህርትህን እወድልሃለሁ። ግን ሣር ይዤ የገባሁት ለጠብ ነበር ብለህ ከፈረምክ፣ ነገ በሁለት ወገን መሃል ሣር ይዤ ስገባ እኔን ማን ያምነኛል? ሣር እኮ ማስታረቂያ የሚሆነው ማንም ውሸት ስላላለው ነው።»  ቀጥለው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እነሱ አላወቁም። ያላወቀ ሰው ይነገረዋል እንጂ አይኮረፍም። ሄደን እናስታርቃለን።»

አባታችንና ሻንካ ሄዱ። ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በየመንገዱ አድረው፣ አዲስ ቡልኮ ለብሰው። ወንድሜም አብሯቸው ነበር፤ ለማስተርጎም። የኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው «ቀጠሮ አላችሁ?» አላቸው። ቀጠሮ ምን እንደሆነ አስረድቷቸው በሩን ዘጋው። ከበሩ ማዶ ሣር ነጩና እዚያው መንገዱ ዳር ተንበረከኩ። አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ጣለላቸው። ሳንቲም! ለማኝ መስለዋቸው። ረፋድ ላይ የዲኑ መኪና ወጣ። አባታችን ሣሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙ። መኪናው ትንሽ ቀስ አለ፤ መስታወቱ አልወረደም። ዞር ብሎ በጭቃው በኩል አልፎ ሄደ፤ የአዲሱ ቡልኮ ዳር በጭቃ ተበላሸ። ያን ቀን እስኪመሽ፣ በማግሥቱም ሲጠብቁ ዋሉ። ከዚያ ተመለሱ። አባታችን ቤት ሲገቡ እናቴ «እንዴት ሆነ?» ብትላቸው «ሰዎቹ ሥራ ይዟቸዋል፣» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እስኪሞቱ ድረስ።

አልታዬ አልፈረመም። አፕል ተከለ። ዛሬ ጨንቻ ሄዳችሁ አፕል ብትበሉ ከእሱ ችግኝ የወጣ ሊሆን ይችላል። ልጆች አሳደገ፣ ሽማግሌ ሆነ፤ ሣር ይዞ ብዙ መሃል ገብቷል። እኔንም ነርስ ያደረገኝ እሱው ነው፤ አፕል ሸጦ። ስለ ኮሌጁ ሲያነሱበት ስቆ ያልፋል። ይህ ሳቁ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን የተወጋው ረስቶ፣ ያልተወጋሁት እኔ ደም ይፈሰኛል።

ናትናኤል የደወለ ዕለት እዚያው በረንዳ ላይ ሆኜ ለወንድሜ ደወልኩ። ከወዲያ በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል፤ ጨንቻ መቼ አጥታ።

«ሚቼ፣» አለኝ፤ በእኛ ቋንቋ እህቴ ማለቱ ነው። «ልጁ ደወለልሽ?»

«ደወለ። አልሰጥም ፎቶውን።»

«እንደሱ አትበይ እንጂ። ስጪው።»

«ለምን ብዬ? ያኔ እብድ ነው ብለው የረገጡትን ሣር አሁን ዓለም ሲያጨበጭብለት ጌጥ ሊያደርጉት? ግድግዳ ማስዋቢያ አጡ?»

«ቁጣሽ አያረጅም አንቺ፣» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ረጋ አለ። «ስሚኝ። ሣር የረገጠ ሰው ሸክሙ እሱው ላይ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ከዚያ ግቢ መጥቶ ‹ያኔ አላወቅንም› እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር። ለእኔ ብዬ አይደለም፤ እነሱ እንዲያርፉ። ይኸው አንድ ልጅ ፈልጎ ደወለ። ይሄ እርቅ ነው፣ ሚቼ። ሊታረቅ የመጣ ሰው ፊት በር አይዘጋም።»

«አንተ ጌታን የተቀበልክ ሰው ሆነህ ስለ ጎሜ ታወራለህ?»

«ጌታን ተቀብያለሁ። ሣሩንም አልጣልኩም። ስጪው።»

ታላቅ ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ተምሬያለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጸልዬ፣ ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄ፣ መስታወቱን ወልውዬ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ለናትናኤል ደወልኩ። ልልክለት ነበር፤ ምስክሬ እግዚአብሔር ነው።

«እናመሰግናለን፣ እማማ! ጋሽ አልታዬም ደስ ይላቸዋል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ ላንብብልዎት?» አለኝ። አነበበልኝ። «‹አልታዬ የሰላም ሣርን በግቢያችን ያስተዋወቁ ባለውለታችን ናቸው። በዲሲፕሊን ምክንያት ለአንድ ዓመት ወደ አገራቸው ተሸኝተው፣ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ሳይመለሱ ቀርተዋል።›»

«እንደገና አንብበው፣» አልኩት።

አነበበው።

«በራሳቸው ፈቃድ?»

«መዝገቡ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ። ‹አልተመለሰም› ይላል። ረስቲኬሽን እኮ ማባረር አይደለም፤ ጊዜያዊ ነው። ኮሌጁ በሩን አልዘጋባቸውም። እና ቃሉ ሻካራ ስለሆነ ‹ተሸኝተው› ብንለው ይለሰልሳል ብለን...»

ያን ጊዜ ነው ያ ቃል ምን ያህል ብልጥ እንደሆነ የገባኝ። ብታባርር፣ ያባረረ ትባላለህ። ረስቲኬት ካደረግክ ግን እጅህ ንጹሕ ነው፤ ለአንድ ዓመት አራቅከው እንጂ አላባረርከው፤ መመለሻው ላይ ማንም የማያልፍበትን እሾህ አጥረህ ስታበቃ፣ ቀረ ትላለህ። ራሱ ነው የቀረው። መዝገቡ ይመሰክራል።

«ልጄ፣» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስቆጣ ዝቅ ይላልና። «አንተ አላጠፋህም። ግን ቃሉን አታለስልሰው። ረስቲኬትድ የሚለውን እንዳለ ጻፈው፤ በትልቁ፤ አንተም ስልክህ ላይ ፈልገህ ያገኘኸውን ትርጉም ከጎኑ። ከሥሩ ‹በተጣሉ ወገኖች መሃል ሣር ይዞ ስለተንበረከከ ቀጣነው› ብለህ ጨምር። ከዚያም ሥር ‹አባቱ ሊያስታርቁ መጥተው በራችን ላይ ተንበርክከው ነበር፤ አላስገባናቸውም› ብለህ ጨምር። እንዲህ ጽፈህ ካሳየኸኝ ፎቶውን በአውሮፕላን እልክልሃለሁ።»

 «አባታቸው መጥተው ነበር?» አለ፤ እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ልጅ።

«መጥተው ነበር። ሁለት ቀን።»

«መዝገቡ ላይ የለም፣ እማማ።»

«አይኖርም።»

«እንደዚህ ብዬ ብጽፍ አለቆቼ አያጸድቁልኝም። በዓል እኮ ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳው ባዶ ይሁን። ባዶ ግድግዳ አይዋሽም።»

ዘጋሁት።  ከዚያ ፈራሁ፤ ልጁን አይደለም፣ ወንድሜን። ታላቄን አልታዘዝኩም። እርቁን አበላሸሁበት። እስከ ምሳ ድረስ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ፣ ራሱ ደወለ።

«ሚቼ፣ ልጁን ምን አልሽው? እንደ ተገረፈ ሰው ሆኖ ደወለልኝ፤ ‹ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ› ይላል፤ የምን ይቅርታ እንደሆነ አይናገር። ስጪው አላልኩሽም?»

«ጽሑፉን አንብቦልሃል?»

«የምን ጽሑፍ?»

ልደብቀው ፈልጌ ነበር። እስከዛሬ ስቆ የኖረ ሰው ነው፤ በእርጅናው ምን ላድርገው? ግን ውሸት አላውቅበትም። ልጁ ያነበበልኝን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ባለውለታችን ናቸው ከሚለው ጀምሬ፣ በራሳቸው ፈቃድ ሳይመለሱ ቀርተዋል እስከሚለው።

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከተቀመጠበት ተነሳ መሰል። 

«አልታዬ? ወንድሜ?»

«በራሱ ፈቃድ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«አባባ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ነበር እኮ፣» አለ። «እኔ እኮ ጎናቸው ነበርኩ። ተነሱ ስላቸው፣ ‹ቆይ፣ ይመጣሉ› ይሉኝ ነበር።»

በዕድሜዬ ወንድሜን ተቆጥቶ ሰምቼው አላውቅም ነበር። 

«ፎቶውን መልሰሽ ስቀዪው፣» አለኝ።